በእግዚአብሔር ስለ መታመንና ስለ ዕለት ሥራ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የነገው ነገር ነው። የትናንቱ አልፏል፤ የዛሬው በእጁ ነው፤ የነገው ግን ምን ይዞ እንደሚመጣ ሊያውቀው አይችልም። ገበሬው ዝናሙን፥ ነጋዴው ዋጋውን፥ ተማሪው ፈተናውን፥ እናት የልጅዋን ጤና እያሰቡ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። በእግዚአብሔር መታመን የሚባለውም ነገር ትርጕም የሚያገኘው በዚሁ በነገው ጕዳይ ላይ ነው። ውጤቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው መታመን አያስፈልገውም፤ ማወቁ ይበቃዋልና።

ይሁን እንጂ መታመን የሚለው ቃል በሰው አፍ ሲመላለስ ብዙ ጊዜ ትርጕሙን ይለውጣል። በማስተማር ሥራ በቈየሁባቸው ዓመታት፥ ከዚያም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፥ ከወጣቶች ጋር ስነጋገር ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲደጋገም አይቻለሁ። አንደኛው «እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ደብተሩን ሳይገልጥ ለፈተና የሚጸልይ፥ እርሻውን ሳያርም መከር የሚጠብቅ ሰው ታምኛለሁ ቢል ስንፍናውን በእግዚአብሔር ስም መሸፈኑ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ግን ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው፤ ይኸውም መታመንን እንደ ንግድ ውል መቍጠር ነው። «ጸልያለሁ፥ አሥራቴንም ሰጥቻለሁ፤ ስለዚህ የጠየቅሁት ይሆንልኛል» የሚል ሰው የጠየቀው ሳይሆንለት ሲቀር ወይ እግዚአብሔርን ይከስሳል፥ ወይ እምነቱን እንዳረጀ ልብስ አውልቆ ይጥላል። ፈተና ሲወድቅ፥ ሥራ ሲያጣ፥ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የጠየቀው ቪዛ ሲከለከል ልቡ የሚሰበር ወጣት በየሰፈራችን አለ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም የእነዚህ ወጣቶች ጕዳይ ነው።

እንግዲህ መታመን ስንፍናም ውልም ካልሆነ ምንድር ነው? ይህን በቃል ብቻ ከማስረዳት ይልቅ ካለፈው ታሪክ መመልከት ይሻላል። ታሪክ ግን በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። እኛ ያለፈውን የምናነበው መጨረሻውን ዐውቀን ነው፤ በዚያ ዘመን የነበሩት ሰዎች ግን መጨረሻውን አያውቁም ነበር። ስለዚህ በሚከተለው ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱን ሰው በዚያው በኖረበት ቀን ላይ አቁመን፥ «ይህ ሰው በዚያ ቀን ምን ያውቅ ነበር? ምንስ አደረገ?» ብለን እንጠይቅ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከአገራችን ከይርጋጨፌ እንነሣ። በጌዴኦ ምድር የሚያድግ ልጅ መታመን ምን እንደ ሆነ ከጓሮው ሊማር ይችላል። የአገሩ አባቶች በዚህ ተዳፋትና ጠባብ መሬት ላይ እንሰትን፥ ቡናንና ታላላቅ ዛፎችን አንድ ላይ እያበቀሉ ብዙ ሕዝብ ሲመግቡ ኖረዋል፤ ይህም ጥበባቸው ታይቶ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከፍታ አምስት ስድስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያል። ቡናም ማፍራት የሚጀምረው ችግኙ ከተተከለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። ለጥላ የሚተከለውን ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተከለው ሰው ሳይሆን ልጁ ይቀመጥበታል።

ይህ ገበሬ የሚችለውን ያደርጋል፤ ጕድጓዱን ይቈፍራል፥ ፍግ ያለብሳል፥ ያርማል። ዝናሙንና ዕድሜውን ግን አያዝዝም። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ፥ በ1990ዎቹም ዓመታት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ፥ ገበሬው ባላጠፋው ጥፋት መከራ ከሩቅ መጥቶ ደረሰበት። እንዲህም ሆኖ ክረምቱ ሲገባ ችግኝ መትከሉን አልተወም። ሥራው የእርሱ፥ ውጤቱ የእግዚአብሔር መሆኑን አፉ ባይናገረውም እጁ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ታሪክ እንለፍ። ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ከመጡት ሚሲዮናውያን ብዙዎቹ «የእምነት ሚሲዮን» ከሚባሉት ወገን ነበሩ፤ ይኸውም የተወሰነ ደመወዝ ሳይረጋገጥላቸው፥ የዕለት ጕርሳቸውን ከእግዚአብሔር ጠብቀው የሚሄዱ ማለት ነው። ለዚህ ልማድ ምሳሌ ከሆኑት ሰዎች አንዱ በ1798 ዓ.ም. በፕሩሲያ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የኖረው ጆርጅ ሙለር ነው። ሙለር በ1828 ዓ.ም. የሙት ልጆች ማሳደጊያ ከፈተ፤ በ1890 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም ከ10,000 በላይ ልጆች በእርሱ ቤት አደጉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጕድለቱን ለእግዚአብሔር ነገረ እንጂ ከማንም ሰው ደጅ ቆሞ ገንዘብ አልለመነም።

ሰዎች ስለዚህ ሰው ሲያወሩ ጸሎቱን ብቻ ያነሣሉ። ነገር ግን ሙለር የገባውንና የወጣውን ገንዘብ በመዝገብ እያሰፈረ፥ በየዓመቱ ሒሳቡን አሳትሞ ለሕዝብ ያቀርብ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ቅዱስና የሒሳብ መዝገብ አብረው ሲቀመጡ አስቡት። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ሒሳብ አይጠላም፤ የተሰጠውን ዐደራ ቈጥሮ ያውቃል። ከእናንተ መካከል ዕድር ወይም የወጣቶች ማኅበር የሚያገለግል ቢኖር ይህን ልብ ይበል።

ከሙለር ዕረፍት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፥ በ1886 ዓ.ም.፥ ዋልተር ጎዋንስ፥ ቶማስ ኬንትና ሮላንድ ቢንግሃም የሚባሉ ሦስት ወጣቶች ወንጌልን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ውስጠኛው አገር ለማድረስ አስበው ሌጎስ ወደብ ደረሱ። ቢንግሃም በሌጎስ ቀረ፤ ሁለቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ዓመት ያህል እንደ ቈዩ፥ በ1887 ዓ.ም.፥ ጎዋንስና ኬንት በበሽታ ሞቱ። ቢንግሃም ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ገና ቢሞክር ወባ ይዞት ተመለሰ። በሦስተኛው ሙከራ ግን፥ በ1894 ዓ.ም.፥ በኒጀር ወንዝ አጠገብ በፓቲጊ የመጀመሪያው ጣቢያ ተቋቋመ። በአገራችን ኤስ.አይ.ኤም. ተብሎ የሚታወቀው ሚሲዮን ታሪክ እንዲህ በሁለት መቃብር ይጀምራል።

መታመን ውል ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ ምን ይመልሳል? ጎዋንስና ኬንት ጸልየው ነበር፤ ቤታቸውንና አገራቸውንም ትተው ነበር፤ ነገር ግን አንድ ፍሬ እንኳ ሳያዩ ሞቱ። የእነርሱ ሞት ዋጋ ቢስ ነበር የሚል ግን ከእነርሱ በኋላ የሆነውን ይመልከት።

ይኸው ማኅበር በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጣ። ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመራው ቡድን ከአዲስ አበባ ሲነሣ ሐሳቡ ወደ ጅማ ለመሄድ ነበር። ነገር ግን በመንገድ ላይ የየአገሩ ገዢዎች ስላስጠጓቸው በከምባታ፥ በወላይታና በሲዳሞ እንዲቀመጡ ሆነ። ሰው ያስባል፥ እግዜር ይፈጽማል እንደሚባለው፥ ያልታሰበው ቦታ ዋናው ቦታ ሆነ። ሥራው ግን አዝጋሚ ነበር፤ ቋንቋ መማር፥ በሽተኛ ማከም፥ ፊደል ማስቈጠር፥ ጥቂት የመጽሐፍ ክፍሎች መተርጐም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ወረረች። በዚያው ዓመት ክሊፍ ሚቼልና ቶም ዴቨርስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ሚሲዮናውያን በመንገድ ላይ ተገደሉ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ደግሞ በወላይታ ሶዶ የነበሩት ሚሲዮናውያን ሁሉ በኢጣልያኖች ትእዛዝ ወጡ። ወደ ዘጠኝ ዓመት ከደከሙ በኋላ በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ሰዎች 48 ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸውም በእጃቸው የቀረው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌሎች ክፍሎች ነበሩ፤ ማንበብ የሚችሉትም ጥቂቶች ነበሩ።

ልጆቼ፥ በዚያ ቀን ላይ ቁሙና እዩ። የሚሄደው ሰው ይመለስ እንደ ሆነ አያውቅም። የሚቀረውም ሰው ነገ ይታሰር፥ ይገረፍ፥ ወይም ቤቱ ይቃጠል እንደ ሆነ አያውቅም። ከእነዚህ ከቀሩት መካከል አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ነበር። ዋንዳሮ ታሰረ፤ በአደባባይም ተገረፈ፤ ነገር ግን ከእስር ሲወጣ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ሌሎችም መሪዎች ታሰሩ፤ በእስር ቤት የሞቱም ነበሩ። የቀሩት ምእመናን ለታሰሩት ስንቅ ያመላልሱ ነበር። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን በወላይታ ወደ መቶ የሚደርሱ አብያተ ክርስቲያናትና 10,000 ያህል አማኞች አገኙ።

ይህን ቍጥር ሰምቶ «ተአምር ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን የታሪክ መምህር እንደሚያደርገው ምክንያቱን ልመርምር። ሥራው ከውጭ ሰው እጅ ወጥቶ ወደ አገሩ ሰው እጅ ገባ። ጎረቤት ለጎረቤቱ፥ አማች ለአማቹ በገዛ ቋንቋው ነገረ። የታሰሩትን መጠየቅና የተራበውን ማብላት ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ነገር ነበር። እንዲህ ያለውን ሰብአዊ ምክንያት መናገር የእግዚአብሔርን ሥራ መካድ አይደለም፤ እግዚአብሔር አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅና በሰው አፍ ይሠራልና።

ደግሞም ለእነዚህ ሰዎች መታመን የዕለት ጕዳይ መሆኑን አንርሳ። ቀድሞ ልጅ ሲታመም፥ ዘር ሲዘራ፥ ከብት ሲጠፋ ወደ ቃልቻ ሄዶ መሥዋዕት ማቅረብ ልማድ ነበር። አማኙ ይህን ሲተው ጎረቤቱ «አሁን ይሞታል፥ አሁን እርሻው ይጠፋል» እያለ ይጠባበቀው ነበር። ስለዚህ ያለ መሥዋዕት የተዘራች አንዲት መደብ፥ ያለ ቃልቻ የታመመ ልጅ አጠገብ ያለፈች አንዲት ሌሊት፥ ለዚያ ሰው ትልቅ ፈተና ነበረች። የእነርሱ መታመን በእርሻና በመኝታ ቤት ይታይ ነበር።

ከወላይታ ወደ ጌዴኦ የሚያሻግረን ታሪክ ደግሞ በዲላ ከተማ የሆነ ነው። ዶን ሪቻርድሰን የሚባለው ጸሐፊ በ1973 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ስለ ዋራሳ ዋንጌ ጽፏል። የጌዴኦ ሕዝብ ሁሉን የፈጠረውን አንዱን አምላክ ማጌኖ ብሎ ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ክፉውን መንፈስ ስለሚፈራ መሥዋዕቱን ለእርሱ ያቀርብ ነበር ይላል። ከጌዴኦ ባላባት ወገን የሆነው ዋራሳ ግን ማጌኖ ራሱን እንዲገልጥለት ለመነ። ከዚያም ሁለት ነጮች በዲላ አጠገብ ከታላቅ ሾላ ሥር ድንኳን ሲተክሉ፥ በኋላም ጣሪያው የሚያበራ ቤት ሲሠሩ በራእይ አየ። ራሱም የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ከእነዚያ ቤቶች አጠገብ ሲተክል አየ። ከዚህ በኋላ ስምንት ዓመት አለፈ።

በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. አልበርት ብራንትና ግሌን ኬን የሚባሉ ሁለት የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን በአሮጌ የጭነት መኪና ዲላ ደረሱ። ሐሳባቸው ወደ ጌዴኦ መካከለኛው አገር መግባት ነበር፤ ነገር ግን የመንግሥቱ ሁኔታ አይፈቅድም ስለ ተባሉ በዳር ባለችው በዲላ ብቻ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠየቁ። ያረፉትም ከሾላው ሥር ነበር።

ስለ ራእዩ የምናውቀው ያየው ሰው ከተናገረው ነው፤ አንባቢውም እንደ ልቡ ይፍረድ። እኔ ትኵር ብላችሁ እንድታዩ የምፈልገው ግን ሌላ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስምንቱ ዓመት ነው። በስምንት ዓመት ቡና ተተክሎ ደጋግሞ ያፈራል፤ የተወለደው ሕፃንም ከብት ይጠብቃል። ዋራሳ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚመጣውን ቀን አያውቅም ነበር። ሁለተኛው የሚሲዮናውያኑ ቅሬታ ነው። መካከሉን ፈልገው ዳሩን አገኙ። በሐሳባቸው ጸንተው ፈቃዱ እስኪሰፋ ድረስ ቢጠብቁ ኖሮ፥ ወይም በጭራሽ ቢተዉት ኖሮ፥ ከዚያ ዛፍ ሥር ባልተገኙም ነበር። የተሰጣቸውን ጥቂቱን ተቀብለው ሥራ ጀመሩ። በሪቻርድሰን አቈጣጠር ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ በጌዴኦ መካከል ከ200 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተተክለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የመከራው ዘመን አላበቃምና። በደርግ ዘመን በደቡብ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ መሪዎችም ታሰሩ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በገደብና በአካባቢው ያሉ የትምህርት ቤት ክፍሎችና የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች በሰው ተሞሉ። ቤቱ የተቃጠለበትን፥ ቡናው የተቈረጠበትን ሰው «ታመን» ብሎ መስበክ ቀላል ነው። ጠባብ ቤቱን አካፍሎ፥ ቆጮውን ከፍሎ ያኖረው ቤተሰብ ግን ከሰባኪው የበለጠ ተናገረ። የተፈናቀለው ሰው «ጌታ ሆይ፥ የዛሬን» ብሎ በጸለየ ጊዜ የጸሎቱ መልስ የጎረቤቱ በር ሆነ። አንዳንድ ጊዜ የሌላው ሰው መታመን የሚፈተነው በእኛ ለጋስነት ነው፤ እኛ በራችንን ብንዘጋ የሚሰናከለው እርሱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፥ የሚታመን ሰው ይሠራል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ሰማይ ወፎች ሲናገር ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አስተማረን እንጂ እንዳንሠራ አላስተማረንም። ወፍም ማልዳ ተነሥታ ትለቅማለች። ሙለር ሒሳቡን ጻፈ፤ ዋንዳሮ አስተማረ፤ ገበሬው ጕድጓዱን ቈፈረ።

ሁለተኛ፥ የሚታመን ሰው ጥቂቱን አይንቅም። ጅማ የታሰበላቸው ሰዎች በወላይታ ቀሩ፤ መካከሉን የፈለጉት በዳር ቆሙ። እናንተም የፈለጋችሁት የትምህርት ክፍል ሳይደርሳችሁ፥ ያሰባችሁት ከተማ ሳይሆን ትንሽ ቀበሌ ሲሰጣችሁ፥ በሩ ተዘጋ ብላችሁ አታልቅሱ። የተከፈተው የትኛው እንደ ሆነ ተመልከቱና ግቡበት።

ሦስተኛ፥ የሚታመን ሰው ፍሬውን ሳያይ ሊሞት እንደሚችል ያውቃል፥ ስለዚህም ፍሬውን የመታመኑ መለኪያ አያደርገውም። ጎዋንስና ኬንት አላዩም፤ ዋንዳሮ አየ። እግዚአብሔር አንዱን ከሌላው አብልጦ ስለ ወደደ አይደለም። አንዱ ዘሩን ይቀብራል፥ ሌላው ያርማል፥ ሦስተኛው ያጭዳል፤ እርሻው ግን አንድ ነው። ይህን ያወቀ ወጣት ጸሎቱ እንደ ጠየቀው ሳይመለስለት ሲቀር «እግዚአብሔር ትቶኛል» አይልም። «እኔ የቆምሁት ከታሪኩ መካከል ነው፥ መጨረሻው ገና አልተነበበም» ይላል።

ስለዚህ ልጆቼ፥ መታመናችሁን በትልቅ ነገር ለመፈተን አትቸኵሉ። በሥራችሁ ታማኝ ሁኑ፤ የተበደራችሁትን በቀኑ መልሱ፤ በሚዛን አታታልሉ፤ ቀይ ቡና ስትሸጡ ጥሬውን አትቀላቅሉ። ሰው የሚያታልለው ነገ እንዳይጐድልበት ፈርቶ ነው፤ የነገውን ለእግዚአብሔር የሰጠ ሰው ግን ለማታለል ምክንያት የለውም። ማታ ስትተኙ የቀኑን ሥራ አስቡና ያጐደላችሁትን ለማቃናት ቍረጡ፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ትታችሁ እንቅልፋችሁን ተኙ። ክረምቱም ሲገባ፥ ማን እንደሚበላው ባታውቁም እንኳ፥ እንሰታችሁን ትከሉ።